ሕፃንን ከሽንት ጨርቅ ወደ ፖፖ፣ ከፖፖ ወደ ሽንት ቤት ማሸጋገር

ሕፃንን ፖፖ ማስለመድ ሦስት ነገሮችን ማስተማር ነው፦ ሽንቱና ዓይነ ምድሩ ሲመጣ ማወቅን፣ እስኪቀመጥ ድረስ መያዝን፣ ተቀምጦም መልቀቅን። ሦስቱ አብረው አይመጡም። ልጁ መጀመሪያ የሚናገረው ልብሱ ከረጠበ በኋላ ነው፤ ሱሪውን እያየ "ሸናሁ" ይላል። ከሳምንታት በኋላ እየሸና ሳለ ይናገራል። ከመሽናቱ በፊት መናገር የሚችለው መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያወቀ አሳዳጊ፣ ረጥቦ የመጣውን ልጅ "ለምን ቀድመህ አልነገርኸኝም?" ብሎ አይቆጣም። ልጁ የመጀመሪያውን ትምህርት ተምሮ መጥቷልና ሊመሰገን ይገባዋል።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከጉዛራ ቤተ መንግሥት አጠገብ በምትገኘው እንፍራንዝና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ይህ ሥራ አንድ ደረጃ ይጨመርበታል። በብዙ ግቢ ሽንት ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ ራቅ ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ውስጡ ይጨልማል፤ ቀዳዳውም ለትንሽ እግር ሰፊ ነው። ስለዚህ ልጁ ከሽንት ጨርቅ ወደ ፖፖ፣ ኋላም ከፖፖ ወደ ጉድጓድ መሸጋገር አለበት። በብዙ ቤት ሁለተኛው ሽግግር ይዘለላል። ልጁ ጨርቁን ትቶ ጓሮ ሄዶ መቀመጥ ሲለምድ ቤተሰቡ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

መቼ ይጀመራል

አብዛኞቹ ልጆች ለዚህ ትምህርት የሚደርሱት ከ18 ወር እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የፊኛና የፊንጢጣ መዝጊያ ጡንቻዎች ለልጁ ፈቃድ ገና አልተገዙም። ዕድሜ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ልጁ ራሱ የሚያሳያቸው ምልክቶች አሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ሳይሸና ከቆየ ወይም ከቀን እንቅልፉ ደረቅ ሆኖ ከነቃ ፊኛው መያዝ ጀምሯል። ያለ ድጋፍ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ "ጫማህን አምጣ" ሲሉት ማምጣት፣ ሱሪውን ወደ ታች ለመጎተት መሞከርም ሌሎቹ ምልክቶች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተማምነው ምልክት መደበቅ ነው። ልጁ ዓይነ ምድሩ ሲመጣ ጨዋታውን ትቶ ከጎታ ኋላ ወይም ከበር ጥግ ይቆማል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ዝም ይላል። ምን እየመጣ እንዳለ አውቋል ማለት ነው፤ የቀረው ቦታውን ማወቅ ብቻ ነው።

የደጋው እናቶች ከዚህ ዕድሜ አስቀድመው የሚያደርጉት አንድ ጥሩ ነገር አለ። በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን ሊሸና ሲል ይቁነጠነጣል፤ እናቱም አውርዳ ጭኖቹን ከፍታ ይዛ ታሸናዋለች። በዚህ ጊዜ ምልክቱን የምታነበው እናት እንጂ ሕፃኑ አይደለም፤ ስለዚህ ልጁ ተማረ አይባልም። ቢሆንም እንዲህ ያደገ ልጅ ከጨርቅ ውጭ መሽናት አዲስ አይሆንበትም፤ ፖፖውንም ቶሎ ይለምዳል። ዳይፐር ዘመናዊ ነው ተብሎ ይህ ልማድ ባይቀር መልካም ነው።

ወቅት መምረጥም ሥራውን ያቀልላል። በክረምት ግቢው ይጨቀያል፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ያንሸራትታል፣ የታጠበ ልብስም ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በገጠር ደግሞ ሰው ሁሉ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ለመጀመር የሚመቸው ከጥምቀት በኋላ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው፤ ፀሐይ አለ፣ ልጁ ያለ ሱሪ ቢውል አይበርደውም። የዚህ ወቅት ችግር ውሃ ነው። የቦኖ ወረፋ የሚረዝመው በእነዚሁ ወራት ስለሆነ፣ ለእጥበት የሚሆን ውሃ ቀድሞ መታሰብ አለበት።

ልጁ ጡት በሚጥልባቸው ሳምንታት ፖፖ ማስጀመር አይመከርም። ጡት መጣል ለሁለት ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላ ጭነት ሊጨመርበት አይገባም። አዲስ ሕፃን ሊወለድ ሲል፣ ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር፣ ልጁ ሲታመም ወይም እናት ለረጅም ጊዜ ከቤት ስትርቅም መጠበቅ ይሻላል። ሁለት ወር መዘግየት ምንም አይጎዳም፤ ያለ ጊዜው ተጀምሮ የተቋረጠ ትምህርት ግን ሁለተኛ ጊዜ ሲጀመር ይከብዳል።

የሚዘጋጁ ነገሮች

ፖፖው ዝቅ ያለ፣ ሥሩ ሰፊና የማይንገዳገድ፣ አፉም ለስላሳ መሆን አለበት። መጠኑ የሚለካው በልጁ እግር ነው፤ ሲቀመጥ ሁለቱ ውስጥ እግሮቹ ሙሉ በሙሉ መሬት መርገጥ አለባቸው፣ ጉልበቱም ከዳሌው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ለማማጥ አቅም ያጣል፤ እወድቃለሁ ብሎም ይሰጋል። ክዳን ያለው ፖፖ ቢገኝ ዝንብ ስለሚከለክል ይመረጣል። ከጀሪካን የተቆረጠ ዕቃ ጠርዙ የልጁን ቆዳ ስለሚቆርጥ ለዚህ አይሆንም፤ ጎድጓዳ ሳህንም ይገለበጣል።

ፖፖ መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ያለ ፖፖም መጀመር ይችላል። እናት መሬት ላይ ወይም ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ትዘረጋለች፤ ልጁን ፊቱን ወደ እሷ አድርጋ በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቿ መካከል ታስቀምጠዋለች፤ ከሥሩ ወረቀት ወይም ሰፊ ቅጠል ይነጠፋል። ልጁ እጆቿን ስለሚይዝ አይፈራም። የተነጠፈው ተጠቅልሎ ወደ ጉድጓድ ይገባል።

ልብሱ ወገቡ ላስቲክ የሆነ፣ ልጁ ራሱ ወደ ታች የሚስበው ሱሪ ይሁን። አምስት ስድስት ቢኖር እጥበቱ አያጨናንቅም። ቁልፉ የበዛ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ የሆነ ልብስ ለዚህ ጊዜ ይቀመጥ። ከፖፖው አጠገብ አንድ ጣሳ አመድ፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ደግሞ ሳሙናና ውሃ ይኖራል። ውሃውን ለመቆጠብ የሃይላንድ ኮዳ ክዳኑን ወይም ታችኛውን ጎኑን በምስማር በስቶ በገመድ ማንጠልጠል በቂ ነው፤ ከቀጭኗ ቀዳዳ የሚወርደው ውሃ ለሁለት ትናንሽ እጆች ይበቃል።

ዳይፐር የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ቀን ቀን ማውለቅ አለባቸው። ዳይፐር እርጥበቱን መጥጦ ስለሚያስቀር ልጁ መሽናቱን ሳያውቅ ይውላል፤ ሊማረው የሚገባውን የመጀመሪያውን ነገር የሚሸፍንበት ያ ነው። ያገለገለ ዳይፐር ውስጡ ያለው ዓይነ ምድር ወደ ሽንት ቤት ከተራገፈ በኋላ በቆሻሻ ጉድጓድ ይቀበራል። ከነዳይፐሩ ሽንት ቤት ውስጥ ቢጣል ስለማይበሰብስ ጉድጓዱን ያለ ጊዜው ይሞላዋል፤ ቦይ ውስጥ ቢጣል ደግሞ የጎረቤት ችግር ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በአንድ ግቢ ውስጥ ልጅን የምትጠብቀው እናት ብቻ አይደለችም። አያት አለች፣ ታላቅ እህት አለች፣ ጎረቤት አለች። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም በአንድ ቃልና በአንድ ቦታ መስማማት አለባቸው። አንዷ "ካካ"፣ ሌላዋ "ሽንት ቤት"፣ ሦስተኛዋ ደግሞ "ና ውጣ" ብትለው ሦስቱ አንድ መሆናቸውን ልጁ ለመረዳት ሳምንት ይፈጅበታል። አፍንጫ እየያዙ "እፍ፣ ይገማል!" ማለትም ይቅር። ልጁ ከሰውነቱ የወጣው ነገር አስጸያፊ መሆኑን ሲሰማ የሚማረው መደበቅን ነው።

ፖፖው መጀመሪያ ከልጁ ጋር ይተዋወቃል። ለሁለት ሦስት ቀናት ልጁ በሚጫወትበት ቦታ ይቀመጥ፤ ቢፈልግ ከነልብሱ ይቀመጥበት። በጨርቁ ላይ የተገኘው ዓይነ ምድር ዓይኑ እያየ ወደ ፖፖው ይራገፍ፤ "ቦታው እዚህ ነው" ይባል። በዚህ ዕድሜ ልጅ ከመመከር ይልቅ ከማየት ይማራል፤ ትንሽ ከፍ ያለች እህቱ ወይም የጎረቤት ልጅ ስትቀመጥ ማየቱ ከብዙ ቃል ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ከዚያ ሰዓት ይያዛል። ሆድ ምግብ ሲገባበት አንጀትን ስለሚያንቀሳቅስ፣ ልጁ ከበላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ዓይነ ምድር የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ያለው ሰዓት ከሁሉ ይበልጣል። ሌሎቹ ሰዓቶች ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከመታዘሉ ወይም ከቤት ከመውጣቱ በፊትና ከመተኛቱ በፊት ናቸው። ቆይታው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ካልመጣ ይነሣ፤ ግማሽ ሰዓት በግድ የተቀመጠ ልጅ ፖፖውን መጥላት ይጀምራል። ወንድ ልጅም መጀመሪያ ተቀምጦ ነው የሚሸናው፤ ሽንትና ዓይነ ምድር አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ መቆምን በኋላ ይማረዋል።

ቀጣዩ እርምጃ ለጥቂት ቀናት ልጁን ያለ ሱሪ ማዋል ነው። የደጋው ሕፃናት ድሮም ረዘም ያለ እጀ ጠባብ ብቻ ለብሰው ስለሚውሉ ይህ ለማንም እንግዳ አይሆንም። የሚጨመረው ነገር ክትትል ነው። ልጁ አጥሚቱን ጠጥቶ ደጃፍ ላይ ድንጋይ እየደረደረ ሲጫወት በድንገት ይቆማል፤ አንዱን እግር በሌላው ላይ ያደርጋል፤ የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ ይይዛል። በዚያች ቅጽበት "ካካ መጣ? ና ፖፖህ ላይ" ተብሎ በእርጋታ ይቀመጣል። እናት ምስሯን እየለቀመች ከፊቱ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ አታፈጥበትም፣ አትቸኩልም። ጠብታው ፖፖውን ሲመታ ድምፁን ሁለቱም ይሰማሉ፤ ልጁ ብድግ ብሎ ወደ ውስጥ ያያል። "ጎበዝ! ፖፖ ላይ ሸናህ" ይበቃዋል። አያት እልል ብትል ደግ ነው። በየጊዜው ከረሜላ መስጠት ግን ሌላ ልማድ ያመጣል።

ያመልጠዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ በጨዋታ ከተጠመደ ደግሞ ይበልጣል። ያን ጊዜ የሚባለው አጭር ነው፦ "ረጠብህ፤ በሚቀጥለው ፖፖ ላይ።" ከዚያ ልጁ እርጥቡን ልብስ ራሱ ወደ ማጠቢያው ይውሰድ፤ እንደ ቅጣት ሳይሆን የሥራው ክፍል ሆኖ።

እዚህ ላይ ጠንከር ብሎ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ልብሱን ወይም መኝታውን ያረጠበን ልጅ መምታት፣ በሳማ መለብለብ፣ በበርበሬ ማጠን ወይም "ሽንታም" እያሉ በእኩዮቹ ፊት ማሳፈር በየትም ቦታ ሊደረግ አይገባም። የበርበሬ ጭስ የሕፃንን ሳንባና ዓይን ይጎዳል። የተፈለገውንም አያመጣም፤ የፈራ ልጅ ዓይነ ምድሩን መያዝ ይለምዳል፤ የተያዘው ይደርቃል፤ የደረቀው ሲወጣ ያሳምመዋል፤ ስላመመውም ዳግመኛ ይይዛል። ለወራት የሚዘልቅ የሆድ ድርቀት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ፖፖው ውስጥ ያለው ወዴት ይሄዳል

በብዙ ቤት የሕፃን ዓይነ ምድር ምንም እንደማያደርግ ይታሰባል። በአካፋ ተዝቆ ጓሮ ይጣላል፤ ወይም ለውሻ ይተዋል። ይህ እምነት ስሕተት ነው። ሕፃናት በተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያን፣ በጃርዲያና በወስፋት ከአዋቂ ይልቅ በተደጋጋሚ ስለሚያዙ ዓይነ ምድራቸው ከአዋቂው ያላነሰ፣ አንዳንዴም የበለጠ አደገኛ ነው። የወስፋት እንቁላል አፈር ላይ ወድቆ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰውን ወደሚይዝበት ደረጃ ይደርሳል፤ እርጥብ አፈር ውስጥም ለዓመታት መቆየት ይችላል። ጓሮው ላይ የሚጫወተውና አፈር የነካ ጣቱን የሚጠባው ያው ልጅ ነው። የተቅማጥ ዋና መነሻ ለሆነው ሮታ ቫይረስ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ክትባት ይሰጣል፤ ሌሎቹን ግን የሚከለክለው ዓይነ ምድሩ የሚጣልበት ቦታና የእጅ መታጠብ ነው።

በአማራ ክልል አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ክልሉ ትራኮማ በብርቱ ከተስፋፋባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታውን ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን የሚያዛምተው ዝንብ ከሁሉ ይልቅ የሚራባው መሬት ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ በተቆፈረ ሽንት ቤት ውስጥ ግን እምብዛም አይራባም። አዋቂው ሁሉ ሽንት ቤት ቢጠቀም እንኳ የሁለት ዓመቱ ልጅ ጓሮ የሚቀመጥ ከሆነ ዝንቡ መራቢያ አላጣም። የልጁን ፊት በየጠዋቱ በውሃ ማጠብና የፖፖውን ይዘት ወደ ጉድጓድ ማስገባት ለዓይኑ አንድ ላይ የሚሠሩ ጥበቃዎች ናቸው።

አወጋገዱ እንዲህ ነው። ልጁ እንደተነሣ ዓይነ ምድሩ ላይ አመድ ይነሰነስበታል፤ አመዱ ዝንብ ይከለክላል፣ ሽታ ይቀንሳል፣ ሲደፋም እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ፖፖው ወዲያው ወደ ሽንት ቤት ይወሰዳል፤ ልጁም አብሮ ይሄዳል። ሲደፋ ማየቱ ለኋላው ሽግግር ያዘጋጀዋል። ፖፖው በጥቂት ውሃና ሳሙና ይታጠባል፤ እጣቢውም ጓሮ ሳይሆን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ተቅማጥ በነበረበት ጊዜ በበረኪና ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይደፋ። የልጁ መቀመጫ ከፊት ወደ ኋላ ይጠረጋል፤ በተለይ ለሴት ልጅ ይህ ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይጠብቃታል። በመጨረሻ ያጠበውም የታጠበውም እጃቸውን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ይታጠባሉ። የልጁ እጅ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ወደ ምግቡ የሚሄደው ግን እሱ ነው።

ከፖፖ ወደ ጉድጓድ

ልጁ ለአንድ ወር ያህል ቀን ቀን በአብዛኛው ደረቅ ሆኖ ከዋለ ሁለተኛው ሽግግር ሊጀመር ይችላል። በሦስት ዓመት አካባቢ ብዙዎቹ ይደርሳሉ።

ልጁ ጉድጓዱን መፍራቱ ተገቢ ነው። ከሥሩ ጨለማ አለ፣ ሽታ አለ፣ ድምፅ አለ፤ ቀዳዳው ለሰውነቱ በእርግጥ ሰፊ ነው። "ምን ያስፈራሃል!" ማለት ፍርሃቱን አያስወግደውም፤ "ካልተቀመጥህ ጅቡ ከዚያ ይወጣል" ማለት ደግሞ ለዓመታት ያስርቀዋል። የሚስተካከለው ሽንት ቤቱ ነው።

መጀመሪያ ወለሉ ይፈተሻል። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ወለል ከክረምት በኋላ ሊበሰብስ ስለሚችል አዋቂ ረግጦ፣ እንጨቱንም ወግቶ ማየት አለበት። ቀጥሎ ለልጁ የሚሆን ጣውላ ይሠራል፦ በዋናው ቀዳዳ ላይ የሚጋደም፣ ዳርና ዳሩ በደንብ ወለሉ ላይ የሚያርፍ፣ መሐሉ ላይ ከአንድ ስንዝር የጠበበ ቀዳዳ ያለው። የእግር መርገጫው ቦታ በሚስማር ወይም በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ጣውላው እንዳይንሸራተት ከሥሩ ሁለት ማገጃ እንጨት ይመታ። ልጁ የሚይዘው አንድ ጠንካራ ባላ ወይም ገመድ ከፊቱ ይኑር። በሩ ሲከፈት ብርሃን የሚገባ ካልሆነ ከጣሪያው ሥር አንድ ጡብ የሚያህል ክፍት ቦታ ይተው። ለዚህ ሁሉ የአንድ ቀን የእጅ ሥራ ይበቃል፤ ለቤተሰቡ ከሚሰጠው ጥቅም አንጻር የሚያስቆጭ አይደለም።

ማስለመዱም ቀስ በቀስ ነው። ፖፖው መጀመሪያ ከሽንት ቤቱ ደጃፍ፣ ከሳምንት በኋላ ከውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ልጁ በጣውላው ላይ ሆኖ አሳዳጊው ከፊቱ ተቀምጦ ሁለት እጁን ይይዘዋል፤ በሩ አይዘጋም። ሲለምድ አንድ እጅ፣ በኋላም ደጃፍ ላይ መቆም ይበቃል። አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ግን ብቻውን ወደ ጉድጓድ መላክ የለበትም፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ ደግሞ ጨርሶ። ታላቅ እህቱ ትውሰደው ከተባለም እሷ ራሷ እሱን ለመያዝ አቅም ያላት መሆን አለባት። የተከራይ ግቢ ሆኖ ሽንት ቤቱ የጋራ ከሆነና ወለሉ የማያስተማምን ከሆነ፣ ልጁ እስኪያድግ ድረስ በፖፖ ቀጥሎ ይዘቱን ብቻ ወደ ጉድጓዱ መውሰድ ተገቢ ምርጫ ነው።

ሽንት ቤት የሌለው ቤተሰብ ወይም ወለሉን ማስተካከል የፈለገ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማማከር ይችላል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ውስጥ የሽንት ቤት አሠራርና አጠቃቀም ዋነኛ ሥራ ነው። ጎንደር ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የቆየ ታሪክ አላት፤ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጅምሩ የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን (ሳኒቴርያን)፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር።

ሌሊት

የሌሊቱ በማስተማር አይመጣም። ፊኛው እስኪያድግና እንቅልፍ ላይ ያለው አእምሮ ምልክቱን መቀበል እስኪጀምር ይጠበቃል፤ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ሌሊት መሽናት በሽታ አይባልም። ከመተኛቱ በፊት ማሸናት፣ ፍራሹ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ፣ በላዩም የሚታጠብ ጨርቅ ማድረግ በቂ ነው። ፖፖው ከአልጋው አጠገብ ይደር፤ በደጋው ብርድ ሌሊት ልጅ ይዞ ወደ ውጭ መውጣት አያስፈልግም። ውሃ ከልክሎ ማሳደርም ተገቢ አይደለም፤ ይልቅ ቀን በደንብ ይጠጣ።

ሲቸግር

ከሁሉ የሚበዛው ችግር ድርቀት ነው። ዓይነ ምድሩ ጠንክሮ የሚያሳምመው ልጅ ፖፖውን ቢሸሽ ፖፖውን ሳይሆን ሕመሙን ነው የሚሸሸው፤ ስለዚህ ትምህርቱ ቆሞ ሆዱ ይስተካከላል። ውሃ በቀን ብዙ ጊዜ ይሰጠው። የጥቁር ጤፍ እንጀራ በሽሮ፣ የበሰለ ጎመን፣ የገብስ ገንፎ፣ ፓፓያ ይጠቅማሉ፤ የተፈጨ ተልባ በውሃ ተበጥብጦ ተጣርቶ በትንሹ ቢሰጥም ያለሰልሳል። በሻይና በብስኩት የሚውል ልጅ መድረቁ አይቀርም። የአዋቂ ማስቀመጫ መድኃኒት ወይም ኮሶ መስጠት፣ ሳሙናም በፊንጢጣ ማስገባት ለሕፃን አደገኛ ነው።

ተቅማጥ ከያዘው በተቃራኒው ምንም አይጠበቅበትም፤ ጨርቅ ይደረግለትና ትምህርቱ ሲድን ይቀጥላል። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ፣ ብዙዎች ለምለም የሚሉት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ በማንኪያ ወይም በኩባያ ቀስ እያለ ይጠጣዋል። ዚንክ ከጤና ኬላ ይሰጠዋል፤ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘለትን ቀን ይጨርስ። ጡት የሚጠባ ከሆነ አይቋረጥም።

ታናሽ ሲወለድበት፣ ሲታመም ወይም ሰው ሲለየው ልጁ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ደረቅ ይውል የነበረው እንደገና ያረጥባል። ይህ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ያልፋል። ወደ ሰዓቶቹ መመለስና ትንሽ ለብቻው የሚሆን ጊዜ መስጠት ይረዳዋል። ፖፖውን ከነጭራሹ እንቢ ያለ ልጅ ደግሞ ለአንድ ወር ይተው፤ ፖፖው ከዓይኑ ይራቅ፣ ከዚያ አዲስ እንደሆነ ይጀመር።

ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

በዓይነ ምድሩ ደም ከታየ፣ ሲሸና ካለቀሰ ወይም ትኩሳት ካለው፣ ሽንቱ በጠብታ ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ ድርቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ሁልጊዜ የረጠበና ለአፍታም የማይደርቅ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደከመና ካንቀላፋ በዚያው ሰዓት መሄድ ያስፈልጋል። ዕድሜው አራት ዓመት ሞልቶ ቀን መያዝ ያልቻለ፣ ወይም ለስድስት ወር ደርቆ ከቆየ በኋላ ያለ ግልጽ ምክንያት ዳግም ማርጠብ የጀመረ ልጅም መታየት አለበት፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ስኳርና የነርቭ ችግር ከሚፈተሹት መካከል ናቸው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ሪፈር ይጽፋል። ከመሄድ በፊት ልጁ በሦስት ቀን ውስጥ መቼ መቼ እንደሸናና ዓይነ ምድሩ ምን እንደሚመስል በወረቀት ቢያዝ፣ ለሐኪሙ ከሁሉ የሚጠቅመው መረጃ እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የሆድ ትላትል መድኃኒትና የቫይታሚን ኤ ጠብታ ያመለጠው እንደሆነም በዚሁ ቀን ይጠየቅለት።